ለሬቲና ፎቶ የቱ ይሻላል? የጠረጴዛ ካሜራ፣ የእጅ ካሜራ ወይስ ስልክ

ብሌን የሚከፍት ጠብታ ሳያስፈልገው ሬቲናን (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የውስጥ ጀርባ) የሚያነሳ የጠረጴዛ ፈንደስ ካሜራ በአንድ ምት 45 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ለዚህ ግን 4 ሚሊ ሜትር ገደማ የተከፈተ ብሌን ይፈልጋል። ከባሕር ዳር ፀሐይ የገባ ሰው ብሌኑ ጠብቦ ነው የሚመጣው። መስኮቱን ጋርዱና ጨለማ ውስጥ 5 ደቂቃ ይቆይ። የአንዱ ዓይን ፍላሽ የሌላውንም ብሌን ስለሚያጠብ ወደ ሁለተኛው ዓይን አትቸኩሉ። የፎቶው ጠርዝ ከጠቆረ ብሌኑ አልበቃም ማለት ነው፤ አዛውንቶችና ስኳር የቆየባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል።

ባለ ባትሪው የእጅ ካሜራ ጀልባ ላይ ጭኖ ዘጌ ወይም ደቅ ለመሄድ ይመቻል። አገጭ ማስደገፊያ ስለሌለው ግን ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ የታካሚውን ጭንቅላት ግድግዳ አስደግፉት።

ገንዘብ ላጠረው እኔ የምመርጠው ስልክና ባለ 20 ዳይኦፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ) ሌንስ ነው። መጀመሪያ ባትሪ ከጎን አብሩ፤ በአፍንጫ በኩል ያለው የዓይን ቀለም ክፍል ጥላ ካጠላበት ጠብታ አትጨምሩ፣ የዓይኑ ግፊት በድንገት ሊያሻቅብ ስለሚችል ወደ ዓይን ሐኪም ላኩት። ጥላ ከሌለ 1 በመቶ ትሮፒካማይድ (ብሌን የሚከፍት ጠብታ) ጨምሩና ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ጥቁር ዓይን ቀስ ብሎ ነው የሚከፈተው፣ ሁለተኛ ጠብታ ሊያስፈልግ ይችላል። እይታው ለሰዓታት ስለሚደበዝዝ በብስክሌት የመጣ ሰው እየገፋ ይመለስ።

ከዚያ ስልኩን ቪዲዮ ላይ አድርጋችሁ መብራቱን አብሩ፤ ብርሃኑ እንዲለዝብ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉበት። ብሌኑ ውስጥ ቀይ ነጸብራቅ ሲታይ ሌንሱን ከዓይኑ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቃችሁ ያዙ፣ ትንሿን ጣት ግንባሩ ላይ አሳርፉ። ምስሉ ሌንሱን ሲሞላ ፎከሱን ቆልፉ። ነጭ የመብራት ነጥብ መሐል ላይ ከተደቀነ ሌንሱን በትንሹ አዘንብሉት። ከቪዲዮው ጥርት ያለውን ፍሬም ስትመርጡ ምስሉ የተገለበጠ መሆኑን አትርሱ፤ 180 ዲግሪ ካላዞራችሁት ቀኝ ዓይን ግራ መስሎ ይመዘገባል።

የዓይን ሞራ ካለ ወይም ትራኮማ የተወው የኮርኒያ (የዓይን ፊት ግልጽ ሽፋን) ጠባሳ ካለ ከሦስቱም የሚወጣው ምስል ጭጋጋማ ነው፤ ካሜራ አትቀይሩ፣ ሰውየውን ላኩት።

ለስኳር ሕመምተኞች የየዓመት ክትትል ግን የጠረጴዛው ካሜራ ይበልጣል፤ አንዱን ፎቶ ማኩላ (ጥርት ብሎ የሚያየው የሬቲና መሐል) ላይ፣ አንዱን ኦፕቲክ ዲስክ (የዓይን ነርቭ ከሬቲና የሚወጣበት ቦታ) ላይ አማክሎ ማንሳትና ከዓምናው ጋር ማስተያየት ያስችላል። መብራት ስለሚሄድ ዩፒኤስ አብራችሁ ግዙ።