ቁጥሩ መጣ፣ ሴሎቹስ?

«የልጁ ሊምፎሳይት ስንት ደረሰ?» አለችኝ ነርሷ በስልክ።

«1,900» አልኳት። ሊምፎሳይት በሽታ የሚከላከል የነጭ የደም ሴል ዓይነት ነው። ከኋላዋ «ተመስገን!» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። እናቱ መሆን አለባት። ስልኩን ዘጋሁና ሴሎቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ የሚያሳየውን ሁለተኛውን ምርመራ ከፈትኩ። ያኔ ነው አፌን ቶሎ መክፈቴ የቆጨኝ።

ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። የመቅኔ ወይም ደም የሚያመነጩ ሴሎች (ስቴም ሴል) ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ልጆች ደም በትንሽ ብልቃጥ ይመጣልኛል። ልጆች ስለሆኑ ብዙ አይቀዳም፤ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ሴሎቹን በሚያበሩ ቀለሞች እለያቸዋለሁ። ከዚያ ፍሎው ሳይቶሜትር የሚባለው ማሽን አንድ በአንድ አሰልፎ በሌዘር ፊት ያሳልፋቸዋል። ስክሪኑ ላይ አንድ ሴል አንድ ነጥብ ነው። ልጆቹን አይቻቸው አላውቅም። ነጥቦቻቸውን ግን አውቃቸዋለሁ።

መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ ባዶ ሜዳ ነው። የልጁን መቅኔ ከንቅለ ተከላው በፊት የተሰጠው ኬሞ ጠርጎታል፣ የለጋሹ ደግሞ ገና አልያዘም። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ባክቴሪያን ቀድመው የሚዋጉት ነጭ የደም ሴሎች፣ ኒውትሮፊሎች፣ ብቅ ይላሉ። ከሊምፎሳይቶቹ ኤንኬ ሴሎች የሚባሉትም አይቆዩም፣ በአንድ ወር ገደማ ይደርሳሉ። ሌሎቹ ሊምፎሳይቶች፣ ቲ ሴልና ቢ ሴል፣ ግን ወራት ይፈጃሉ፤ ከዓመት የሚያልፍበትም ጊዜ አለ።

የዚህ ልጅ ቲ ሴሎች ቶሎ መጡ። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ «መዳፉ ላይ ሽፍታ፣ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ» ተጽፏል። ስክሪኑ ላይ ሲዲ8 የሚባሉት ገዳይ ቲ ሴሎች እንደ ንብ መንጋ አንድ ቦታ ታጭቀዋል። ሁሉም ማለት ይቻላል የመነሳሳት ምልክት አላቸው። አዳዲሶቹ፣ ገና ምንም ያላዩት ሴሎች መታየት ያለባቸው ጥግ ግን ጭር ብሏል።

እነዚህ ሴሎች በልጁ ሰውነት ውስጥ አልሠለጠኑም። በለጋሹ ሰውነት ውስጥ ተዘጋጅተው መጥተው እዚህ የተባዙ ናቸው እንጂ። ለጋሹ ወንድም ቢሆን፣ ዋናው የቲሹ ዓይነት ቢገጥም እንኳ ጥቃቅን ልዩነት አይጠፋም። ኬሞው አንጀቱን ያቆስላል፣ የባክቴሪያ ቅሪት ወደ ውስጥ ይሾልካል፣ ሰውነት ይደናገጣል። በዚህ መሀል የለጋሹ ቲ ሴሎች የልጁን ቆዳ፣ አንጀትና ጉበት እንደ ባዕድ ያያሉ። ሐኪሞች ጂቪኤችዲ ይሉታል። ብዙ ሰው «ወታደሮቹ ከዱ» ብሎ ያስረዳል፤ እኔ አልወደውም። ማንም አልከዳም። ሴሎቹ የሚያውቁትን ሥራ ነው የሠሩት፣ ቤቱ ነው የተለወጠው። የተረፈ የሉኪሚያ (የደም ካንሰር) ሴል ካለ የሚያሳድዱትም እነሱ ስለሆኑ ጨርሶ ማጥፋትም አይቻልም።

የመከላከያ ሴሎችን የሚያበርድ መድኃኒት፣ ስቴሮይድ፣ ተጀመረለት። ስቴሮይድ ደግሞ ጥሩውንም መጥፎውንም አብሮ ነው የሚያስተኛ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሲኤምቪ የሚባለው ቫይረስ ደሙ ውስጥ ተገኘ። ያ ሁሉ ቲ ሴል እያለው ለአንድ የቆየ ቫይረስ መልስ የሚሰጥ አነሰ።

ከዚያ በኋላ እኔ የማየው ያንን ባዶ ጥግ ብቻ ሆነ። እዚያ የሚታዩት ሴሎች ከታይመስ የሚወጡ ናቸው፣ ከደረት አጥንት ጀርባ ካለችው እጢ። ልጆች በዚህ ከአዋቂ ይሻላሉ፤ ታይመሳቸው ገና ጉልበት አለው። ግን ጂቪኤችዲውም ስቴሮይዱም እሷኑ ይጎዳሉ። በየወሩ ብልቃጡ ሲመጣ መጀመሪያ ወደዚያ ጥግ አያለሁ። ምንም የለም።

በሰባተኛው ወር ማሽኑ ሊጨርስ ሲል ሦስት ነጥብ ወደቀ። ቆሻሻ መስሎኝ ቱቦውን አጥቤ ደግሜ አስኬድኩት። አርባ ሦስት ሆነ።

ስልኩ ጮኸ።

«ስንት ደረሰ?»

«600»

«ውይ፣ ቀነሰ እኮ! እናቱን ምን ልበላት?»

«ቆይ ሲስተር» አልኳት፣ «ዛሬ ቁጥሩን ብቻ እንዳትነግሪያት። ዶክተሩ ይደውልልኝ።»