ያረጀች ዶሮ እግር፦ ከመዳፍ ቁስል እስከ ቆጡ (የልምድ ማካፈያ)

ከእርባታ ጣቢያ እንቁላል ስትቀንስ የምትሸጥ ቦቫንስ ብራውን ወይም ሎህማን (የእንቁላል ጣይ ዝርያ ዶሮ) ጓሮ ስትገባ ዕድሜዋ ዓመት ተኩል አካባቢ ነው። ለጣቢያው አርጅታለች፤ በጓሮ ግን በደህና ከተያዘች ገና ብዙ ዓመት ትኖራለች። ቀድሞ የሚከዳት እግሯ ነው። አብዛኛው ሰው ቁስሉን ያክምና ቁስሉን ያመጣውን ቆጥ፣ ጉዝጓዝና መኖ እንደነበረ ይተወዋል፤ ከዚያ በወሩ እብጠቱ ተመልሶ ሲመጣ መድኃኒቱን ይረግማል።

ስታነክስ መጀመሪያ ገልብጣችሁ መዳፏን እዩ። መሃሉ አብጦ ጥቁር ቅርፊት ከያዘ የመዳፍ እብጠት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን፣ ቆዳ ላይ ተቀምጦ ስንጥቅ ወይም የእሾህ ቀዳዳ የሚጠብቅ ነው። የእግሯ ቅርፊት ተነሥቶ ከሥሩ ነጭ ነገር ከተጋገረ፣ ቅርፊቱ ሥር የሚኖር ጥቃቅን ተባይ የሚያመጣው የእግር እከክ ነው። የጣቶቿ መጋጠሚያ አብጦ ከቆዳው ሥር ነጭ ጠጣር ነገር ከታየ ሪህ፣ ማለትም የኩላሊት ችግር ሊሆን ይችላል። መዳፏ ንጹህ ሆኖ ካነከሰች ደግሞ ሆዷን ዳስሱ። ያረጁ እንቁላል ጣዮች ላይ አስኳል ወደ ሆድ ዕቃ ፈስሶ ወይም ውኃ ቋጥሮ ሆድ ሲወጠር፣ ዶሮዋ ደረቷን ቀጥ አድርጋ እግሯን አራርቃ ትራመዳለች፤ ባለቤቱም እግሯን ያሻል። ሁለቱንም እግር ማየት አይዘንጋ፤ አንዱ ሲታመም ክብደቷን በሌላው ላይ ስለምትጥል እሱም ይከተላል።

ስትይዟት በፎጣ ጠቅልሉ፣ ዓይኗንም ሸፍኑ፤ ጨለማ ሲሆንባት ትረጋለች። ደረቷን ግን አትጫኑ። ዶሮ እንደ እኛ ድያፍራም (ደረትን ከሆድ የሚለይ የመተንፈሻ ጡንቻ) የላትም፤ የምትተነፍሰው የደረት አጥንቷን ከፍ ዝቅ በማድረግ ስለሆነ ጥብቅ እቅፍ ያፍናታል። ሆዷ የተወጠረውን በጀርባዋ አታስተኙ።

አሁን ወደ እብጠቱ። የወፍ መግል አይፈስም። የነጭ ደም ሴሎቿ መግሉን የሚያቀጥነው ኢንዛይም ስለሚጎድላቸው ይረጋና እንደ ደረቅ አይብ ጠጣር ይሆናል። ስለዚህ መጭመቅ ከንቱ ነው፤ እንዲያውም ጀርሙን ገፍቶ ከመዳፉ ሥር ወዳለው ጅማት ያስገባዋል። ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ብቻውን የሚያቅተውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወደዚያ ጠጣር ነገር መሃል የሚያደርሰው የደም ሥር የለም። ከመድኃኒት መደብር ገዝቶ ውኃዋ ውስጥ መበጥበጥ ገንዘብ ከማባከን በላይ ባክቴሪያውን ማለማመድ ነው።

ገና ቆዳው የቀላ ወይም ቅርፊቱ ትንሽ የሆነ ከሆነ በቤት ይሞከራል። በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ሟሙቶ እግሯ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይዘፈዘፍ። ውኃው በክርናችሁ ስትሞክሩት የማያቃጥል ይሁን። ከዚያ በንጹህ ጨርቅ በደንብ አድርቁ፤ እርጥብ እግር ላይ ፋሻ ማሠር ቆዳውን ያበሰብሳል። 10 በመቶ የሆነውን ፖቪዶን አዮዲን አንዱን እጅ በዘጠኝ እጅ የፈላና የቀዘቀዘ ውኃ አቅጥናችሁ ቀቡ። ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በየቀኑ የሚያፈሱ አሉ፤ አዲስ የሚበቅለውን ሥጋ ስለሚያቃጥል ፈውሱን ያዘገየዋል። ስማቸው በ«ካይን» የሚያልቅ ማደንዘዣ ያለባቸውን ቅባቶችም ተዉ፤ መጠኑ ትንሽ ካለፈ ወፍን ይገድላል።

ቁስሉ ክፍት ከሆነ ንጹህ ማር ይረዳል፦ ስኳሩ እርጥበቱን ይስባል፣ ባክቴሪያውም አይራባም። በስኳር የተቀላቀለውን የገበያ ማር ግን አትመኑ። ማሩ በስሱ የተቀባበት ስስ የቁስል ጨርቅ አድርጋችሁ በላዩ ፋሻ እሰሩ፤ ማር ያለበት ፋሻ ጉንዳን ይጠራልና ሌሊት የምታድርበትን ቦታ አስቡበት።

አስተሳሰሩ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ከአሮጌ ነጠላ ጫማ አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ክብ ቁራጭ ቆርጣችሁ መሃሉን ብሱት፤ ቀዳዳው ቁስሉ ላይ ሲያርፍ ክብደቷ በዙሪያው ባለው ጤነኛ ሥጋ ላይ ይሆናል። ቁስሉን በጥጥ መሙላት ግን ግፊቱን ይጨምረዋል። ፋሻው በጣቶቿ መሃል እያለፈ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ሁለት ዙር ይዞር። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጣቶቿን ንኩ፤ ከቀዘቀዙ ወይም ካበጡ ጠብቋል፣ ወዲያው ይፈታ። በየቀኑ፣ ወይም ቢበዛ በሁለት ቀን አንዴ፣ ይቀየር።

መሻሻሉ እንዲህ ይታያል፦ በ3ኛውና በ4ኛው ቀን የመዳፉ ሙቀት ይቀንሳል፤ በሳምንቱ እግሯን ሳታነሣ መቆም ትጀምራለች፤ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ቅርፊቱ ለቅቆ ሮዝ ቆዳ ይወጣል። በሳምንት ውስጥ ምንም ካልተለወጠ፣ እብጠቱ ወደ ጣቶች መሃል ካለፈ ወይም ወደ ላይኛው መጋጠሚያ ከወጣ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት። ያን የረጋ መግል በምላጭ ለማውጣት መሞከር ክልክል ነው ብንል ይሻላል፤ ጅማቱና የደም ሥሩ ከቆዳው ሥር ነው ያሉት፣ ሕመሙም ያለ ማደንዘዣ ግፍ ነው።

የእግር እከክ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። በለብታ የሳሙና ውኃ አለስልሱ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ በቅርፊቱ አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ እሹ፣ አድርቁና ቫዝሊን በደንብ ቀቡ። በ3 ቀን አንዴ፣ ቢያንስ ለአንድ ወር። ቫዝሊኑ ተባዩን ያፍነዋል። ቅርፊቱን በጥፍር አትንቀሉ፤ ይደማል። ላምባ መቀባት የቆየ ልማድ ነው፤ ተባዩንም ቆዳውንም አብሮ ይፈጃል። አንዷ ብቻ ብትታከም ሌሎቹ መልሰው ያስይዟታልና ሁሉም ይቀቡ። አይቨርመክቲን የተባለውን የተባይ መድኃኒት የምትፈልጉ፣ እንቁላሉ የሚበላ ከሆነ ሐኪም ሳትጠይቁ አትስጡ።

ጥፍርም አለ። ያረጀች ዶሮ መጫር ስለምትቀንስ ጥፍሯ ይረዝምና ጣቷን ያጣምማል። ጫፉን 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቁረጡ፤ ከደማ የበቆሎ ስታርች ተጫኑበት። በክረምት ጣቷ ላይ የደረቀ ጭቃ ዘፍዝፋችሁ አለስልሱት፤ ከጎተታችሁት ጥፍሩ አብሮ ይወጣል።

ቆጡ ላይ ግን መቆየት ያስፈልጋል፤ የመዳፍ እብጠት የሚጀመረው እዚያ ነው። 2 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ዶሮ ከአንድ ሜትር ቆጥ በየማለዳው ስትዘል ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው በሁለት መዳፍ ላይ ነው። ለአሮጊት ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ስፋቱ 5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሞራሌ፣ ጠርዙ በሻካራ ወረቀት የተላገ፣ ወይም ልጡ የተላጠ የባሕር ዛፍ አጣና ይሁን። ልጡ ካለ ተባይ ይሸሸግበታል። ቀጭን ብረት ወይም የቧንቧ ቁራጭ ብርድ ከመሆኑም በላይ ክብደቱን ሁሉ በአንድ መስመር ላይ ይሰበስባል።

ከሥሩ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ደረቅ ሳጋቱራ ይጎዝጎዝ። ጨብጣችሁ ስትለቁት ከተበተነ ደህና ነው፤ ተጣብቆ ከቀረ እርጥብ ነውና ይቀየር። እርጥበት መዳፉን ያለሰልሰዋል፣ ከኩስ የሚወጣው አሞኒያ ደግሞ ያቃጥለዋል። የጤፍ ጭድ በሐምሌና ነሐሴ ቶሎ ይሻግታል። የሽቦ ወለል ያለው ሁሉ ቢያንስ ግማሹን በሳንቃ ይሸፍን።

መኖውን በተመለከተ፣ የእንቁላል ጣይ መኖ ከ3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም አለው። መጣል ላቆመች ዶሮ ይህ ለወራት ሲቀጥል ኩላሊቷን ይጎዳል። የምትጥለውና ያቆመችው አብረው የሚኖሩ ከሆነ ለሁሉም የቄብ መኖ ሰጥታችሁ የተቀቀለና የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በሌላ ዕቃ አስቀምጡ፤ የሚያስፈልጋት ራሷ ትሄድበታለች። ነጭ በቆሎና ፉርሽካ ብቻ የምትበላ ዶሮ ቫይታሚን ኤ ያጥራታል፣ የመዳፏም ቆዳ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ ቢጫ በቆሎ፣ ጎመንና ካሮት ይህን ይሞላሉ። የወጥ ትራፊ ጨው ይበዛበታል፤ ሪህ ለሚጀምራት ጨርሶ አይሰጥ። በየሳምንቱ በቅርጫት መዝኗት፤ ከወፈረች እግሯ አይድንም፣ የደረት አጥንቷ እየሾለ ከሄደ ደግሞ ችግሩ ከእግር ያልፋል።

አርጅታለች ተብሎ የፈንግል ክትባት አይቋረጥ። ቢሾፍቱ ያለው የብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ተቋም ሙቀት የሚችለውን ዓይነት ያመርታል፤ በዓይን ጠብታ ይሰጣል፣ በየ3 ወይም 4 ወሩ ይደገማል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን ጎረቤት ተሰባስቦ ማስከተብ ያዋጣል።

ጠዋት ከአንገቷ ሥር ያለው የእህል ከረጢት ባዶ መሆን አለበት። ሞልቶ ካደረ፣ ኩሷ አረንጓዴ ውኃ ከሆነ፣ ኩክኒዋ ከጠቆረ ወይም ቀኑን ሙሉ ሳትበላ ከዋለች እግሩን ትታችሁ ሐኪም ጥሩ። አጥንቱ ከተነካና መነሣት ካቃታት ማቆየቱ ሥቃይ ማስረዘም ነው። መድኃኒት ላይ የነበረች ከሆነች፣ ሐኪሙ የነገራችሁ የመታገሻ ጊዜ (መድኃኒቱ ከሰውነቷ የሚወጣበት) ሳያልቅ እንቁላሏም ሥጋዋም አይበላ፤ ሆዷ ውኃ የቋጠረችው ደግሞ ብትታረድም ለወጥ አትሆንም።