ሳይላክ የቀረው ስህተት

ከትናንት ማታ ጀምሮ ቅር እንዳለኝ ነው። አንዲት ልጅ "የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሰላይ ፊልም ነው፣ በጣም ትወጂዋለሽ" ስላለችኝ ጓጉቼ ነበር የከፈትኩት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተኩስና ማሳደድ ብቻ። ሬዲዮ ላይ የምትሠራዋን ሴት ደግሞ አንዴ ብቅ አድርገው ወዲያው ገደሏት። ስሟን እንኳ የጠራ የለም።

እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው። ጀርመኖች በያዙት አገር ትልቁ ጭንቀት እዚያ ክፍል ውስጥ ነበር። ሬዲዮው ሻንጣ ውስጥ ነው። ሽቦው መዘርጋት አለበት። መልእክት የሚላክበትን ቁልፍ መምታት ስትጀምሪ ደግሞ ሞገዱ ከየት እንደሚመጣ የሚፈልግ መኪና ውጭ ይዞራል፣ በቆየሽ ቁጥር እየቀረበ ይመጣል። ተኩስ ምን ያደርጋል?

ከዚያ ሁብ ላወርስ ትዝ አለኝ፤ ፊልሙን ረሳሁት። ለእንግሊዞች በሬዲዮ መልእክት የሚልክ ኔዘርላንዳዊ ሰላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1942 ጀርመኖች በያዟት የኔዘርላንድ ከተማ ዘ ሄግ ውስጥ ተያዘ። ጀርመኖቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ለንደን መልእክት እንዲልክ አደረጉት። እሱ ግን ከለንደን ሳይነሳ የተሰጠው ምስጢራዊ ምልክት ነበረው፦ መልእክቱ ውስጥ ሆን ብሎ የሚያስገባው የፊደል ስህተት። ስህተቱ ካለ ደህና ነው፣ ከሌለ ተይዟል። ጠላት አጠገቡ ሆኖ እየሰማው ስህተቱን አስቀረ። በዚያ ሰዓት እጁ እንዴት እንዳልተንቀጠቀጠ አላውቅም።

ለንደን መልእክቱን ተቀበለ። ምልክቱ መጉደሉን ግን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ጭራሽ ሌላ ሰው ላከ። ከዚያም ሌላ፣ ሌላ። በፓራሹት የሚወርዱትን ጀርመኖቹ ሜዳ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። በዚህ ዓይነት ከ50 የማያንሱ ሰላዮች ተያዙ። አብዛኞቹ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1944 ማውትሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ ተገደሉ። ላወርስ ራሱ ከጦርነቱ ተረፈ።

ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ሊላክ ነው የሚለው መልስ የደረሰው ሰዓት ነው። "ገብቷቸዋል፣ ጀርመኖቹን ለማታለል ነው እንዲህ የሚሉት" ብሎ ራሱን አጽናንቶ ይሆን? ወይስ ያኔውኑ ማንም እንዳልሰማው አውቆ ነበር? ካወቀስ በኋላ፣ እያንዳንዷን መልእክት በምን አንጀቱ ላከ?