«ቤትሽ ውስጥ መሥራት የሚችል ሰው አለ» ከተባልኩ በኋላ ቀጥታ ድጋፍ ያገኘሁበት መንገድ

የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር ሐዋሳ አንዷ ነበረች። ፕሮግራሙ ለድሃ ቤተሰቦች ሁለት መንገድ አለው። መሥራት የሚችል በጽዳት፣ በቦይ ጠረጋና በችግኝ ተከላ ተሰማርቶ ይከፈለዋል፤ በዕድሜ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መሥራት የማይችል ደግሞ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። እኔና ልጄ በሁለቱ መካከል ወደቅን። ልጄ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባል፣ አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር አለበት፤ ሳይደገፍ አይቀመጥም፣ አይናገርም፣ ራሱ አይጎርስም። እኔ ግን ጤነኛ ነኝ። ቀበሌ ስሄድ መዝጋቢው ቅጹን አየት አድርጎ፣ «እህቴ፣ ቤትሽ ውስጥ መሥራት የሚችል ሰው አለ፤ የምትመዘገቢው ከሠራተኞቹ ጋር ነው» አለኝ። እኔ ቦይ ስጠርግ ልጁን ማን ያገላብጠዋል ብሎ የሚጠይቅ ቦታ ቅጹ ላይ አልነበረም።

ያንን ውሳኔ ያስቀየርኩበትን መንገድ የምጽፈው ዛሬ እዚያው መስኮት ላይ ለቆሙ እናቶች ነው።

በእጄ የነበረው የሕክምና ማስረጃ የበሽታውን ስም ብቻ የያዘ ነበር። የበሽታ ስም ለኮሚቴ የሚነግረው ነገር የለም። ስለዚህ ሐኪሙን ልጁ ማድረግ የማይችለውን እንዲጽፍልኝ ለመንኩት። «ለመመገብ፣ ለመልበስ፣ ለመጸዳዳትና በእንቅልፍ ላይ ለመገላበጥ ቋሚ ተንከባካቢ ያስፈልገዋል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመረ። ከሁሉም ወረቀቶች ዋጋ ያለው እሱ ሆነ።

ከዚያ ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው በጽሑፍ አመለከትኩ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን ለመርዳትና ለማቋቋም ሀብት እንደሚመድብ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 28 የመንግሥት እርዳታ በድህነት የሚኖሩ ቤተሰቦቻቸውንም እንዲያካትት ይጠይቃል፤ ሥልጠና፣ ምክር፣ የገንዘብ እገዛ፣ ተንከባካቢው ጥቂት የሚያርፍበት አገልግሎት ጭምር። ሁለቱንም ጠቀስኩ። ባልጠቅሳቸው ኖሮ ማመልከቻዬ መዝገብ ላይ መስፈሩንም እጠራጠራለሁ።

ኮሚቴው «ልጁን ይዘሽው ነይና እንየው» ሲለኝ እምቢ አልኩ። ባጃጅ ላይ ሲጫን መላ ሰውነቱ እንደ እንጨት ይገተራል፤ ደግሞም ችግራችንን ለማሳመን ልጄ ሰው ፊት መዘርጋት የለበትም። እነሱ በምሳ ሰዓት ቤቴ እንዲመጡ ጠየቅሁ። መጡ። በሾርባ ያላላሁትን ድንች በትንሿ ማንኪያ ጫፍ ይዤ፣ ጀርባውን በደረቴ አገጩን በመዳፌ ደግፌ ማጉረስ ጀመርኩ። አንዱን ጉርሻ እስኪውጥ ሌላው አይቀርብለትም፤ ከተቻኮልኩ ትን ይለዋል፣ ምግቡ ወደ ሳንባው ከገባም ለሳንባ ምች ይዳርገዋል። ሳህኑ ገና ሳይጋመስ፣ ከኮሚቴው አባላት አንዷ፣ አዛውንት ናቸው፣ «ልጄ፣ ይህን በቀን ስንት ጊዜ ነው የምታደርጊው?» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ሌሊቱ ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። በየሁለት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ጀርባው ይቆስላል፤ የሐዋሳ ሙቀት ሲበረታ ደግሞ ቆዳው ቶሎ ይላጣል።

ወደ ቀጥታ ድጋፍ ተዛወርን። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ ግን ቤቱን ለቅቄ እንድወጣ የሚያስገድደኝ ነገር ቀረ።

ለሕክምናው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆን ይጠቅማል፤ መክፈል ለማይችሉ መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። ዳይፐሩን የምገዛው ግን ከኪሴ ነው፤ በወር ከሚገባልኝ ብር ትልቁን ድርሻ የሚበላውም እሱ ነው። ድጋፉ ሲሰላ ይህ ወጪ ለብቻው መታየት ነበረበት ብዬ አምናለሁ፤ ሁለት ድሃ ቤተሰቦች አንድ ዓይነት ገቢ ቢኖራቸውም ወጪያቸው አንድ አይደለም።

አሁን የሰፈራችን እናቶች ተሰባስበን ሁለት ነገር እየጠየቅን ነው። አንደኛው፣ መመዝገቢያ ቅጹ ላይ «በቤቱ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው እንክብካቤ የሚያስፈልገው ልጅ አለ ወይ? የሚንከባከበውስ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ እንዲገባ ነው። ሁለተኛው በሳምንት ለጥቂት ሰዓታት እንኳ ልጆቻችንን የሚረከብ የሠለጠነ ሰው ያለበት አንድ ክፍል ነው፤ ገበያ ደርሰን እንድንመለስ፣ ራሳችንም ሐኪም ዘንድ እንድንታይ። ማመልከቻው ገብቷል፤ የሕክምና ማስረጃ ያላችሁ ፎቶ ኮፒውን ይዛችሁ ተቀላቀሉን።