ጅረቱን ወደ ላይ ተከትዬ

ክረምቱ ከወጣ በኋላ፣ የጥቅምት ውርጭ ገና ሳይበረታ፣ በመንዝ ጓሳ አንዱን ጅረት ከታች ወደ ላይ ተከትዬ በእግሬ ተጓዝሁ፤ ፍላጎቴም ውኃው ከመሬት የሚፈልቅበትን ቦታ በዓይኔ ማየት ነበር።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ስለሆነ አካሄዱ ትንፋሽ ያሳጥራል። ሸለቆው ግን ከከፍታው ይልቅ በእርጥበቱ ያስቸግራል። ከሩቅ ሲያዩት ለስላሳ መስክ የሚመስለው ሁሉ ረግረግ ነው። የአካባቢው ተወላጅ የሆነው መሪዬ «ጋሼ፣ አረንጓዴውን አይርገጡ፤ ጓሳውን ይርገጡ» አለኝ። እውነትም ደምቆ የለመለመው ቦታ እግርን እስከ ጉልበት የሚውጥ ሲሆን፣ ችምችም ብሎ የሚበቅለው የጓሳ ሣር ግን ሥሩ ጭቃውን አጥብቆ ስለሚይዝ ሰው ይሸከማል። ከዚያ በኋላ ከአንዱ የሣር እግር ወደ ሌላው እየተሻገርን፣ ጅብራ በሚባሉት ረጃጅም የደጋ ተክሎች መካከል በዝግታ ወጣን።

ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ጅረቱ እየሳሳ፣ በብዙ ቀጫጭን መስመር እየተከፋፈለ ሄደ፤ በመጨረሻም መስመሩ ጠፋና ጨፌው ብቻ ቀረ። ስፈልገው የነበረው አንድ ምንጭ የለም። ብርዱ የሞተውን ተክል ቶሎ እንዳይበሰብስ ስለሚያደርገው አፈሩ ጥቁርና ወፍራም ሆኖ ይከማቻል፤ የክረምቱን ዝናብ እንደ ስፖንጅ ይዞ፣ በበጋ ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል። የወንዙ መነሻ እንግዲህ ሜዳው በሙሉ ነው፤ ይህን በመጽሐፍ ማንበብና እግርን በውስጡ ነክሮ መረዳት ለእኔ አንድ አልሆነልኝም።

ስለዚህም የመንዝን ሰው ሥራ ከቀድሞው ይበልጥ አከበርሁ። ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ሣሩን ለተከታታይ ዓመታት ዘግቶ፣ ለቤት ክዳንና ለገመድ ሲደርስ በጋራ ያጭድ የነበረው ሕዝብ፣ ሣሩን ሲጠብቅ ውኃውንም ጠብቋል። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መልሶ አቋቁሞታል። ቀይ ቀበሮ ዛሬም በጨፌው ዳር አይጥ የሚያድነው፣ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የሚገኘው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይም በኩሬዎቹ የሚታየው በዚህ ጥበቃ ነው ብዬ አምናለሁ። የገብስ እርሻ ወደ ረግረጉ አንድ ትልም እንኳ ቢገፋ ያሳስበኛል፤ አንዴ ቦይ የተቀደደለት ጨፌ ውኃውን መያዝ ይሳነዋልና።

ከጨፌው በላይ ያለው ጀርባ የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው። እኛ የተከተልነው ጅረት ወደ ምዕራብ ወርዶ በጀማ በኩል ዓባይ ይገባል፤ ከጀርባው ወዲያ በምሥራቅ ገደሉን የሚወርደው ደግሞ የአዋሽ ነው። በበጋው ማብቂያ፣ ሌላው መሬት ሲደርቅ፣ የምሥራቁን ሸለቆ ከላይ ወደ ታች ለመሄድ ከመሪዬ ጋር ተስማምተናል።