የአምስት ብር ገቢ

ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ሳንቲም አይወድም። ይከብዳል፣ እጅ ያቆሽሻል፣ ጊዜ ይበላል፣ ተቆጥሮ ሲያልቅም ድምሩ ምሳ አይገዛም። የመቶ ብር እሽግ ማሽን ላይ ሲቀመጥ ዓይንህን ጨፍነህ እስክትገልጥ ያልቃል። ሳንቲም ግን በጣት ነው።

እኔ ደሴ ውስጥ በአንድ ቅርንጫፍ የካሸሮች ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ሳንቲም ሲመጣ ከወንበሬ የምነሳው እኔ ብቻ ነኝ። የድሮ ሳንቲም ሰብሳቢ ነኛ! "ጋሼ፣ ሀብትዎ መጣ" እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

ወሎ ያደገ ሰው ይሄ አመል ቢይዘው አይፈረድበትም። ባቲ ሰኞ ገበያ የወጣ ልጅ ጠገራ ብር ሳያይ አያድግም። ጠገራው የማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ነው። መቼም ይመታ መቼ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር 1780 የሚል ዓመት ብቻ ነው ያለው። የድሮ ነጋዴ ዝም ብሎ አይቀበለውም ነበር። የንግሥቲቱን የትከሻ ጌጥ አስጠግቶ ያያል፣ ዕንቁዎቹን ይቆጥራል፣ ከተፋቀ ይመልሳል። ዛሬ ሰብሳቢዎች በማጉያ መነጽር የምንሠራውን እነሱ በባዶ ዓይን ሲሠሩት ኖረዋል።

ወደ ነገሬ ልግባ። አንድ ረፋድ ላይ አንዲት እናት በነጠላ የተቋጠረ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው መጡ። ባለቤታቸው፣ ሐጂ፣ አራዳ በሚባለው ሰፈር ሸቀጣ ሸቀጥ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ካረፉ ዓመት አልፏቸዋል። ሱቁ ሊለቀቅ ስለሆነ ዕቃው እየተጠራ ነበር፤ ቆርቆሮው ከመደርደሪያው ሥር ተገኘ። ውስጡ 12 ጥቅልል ሳንቲም አለ፣ በቡናማ ወረቀት እንደታሸገ።

"ልጄ፣ ይቺን ቆጥረሽ ደብተሬ ላይ አግቢልኝ" አሏት ካሸሯን።

ካሸሯ ወደኔ ዞረች። "ጋሼ፣ አስር ሳንቲም ነው። ይሄ ነገር ይሠራል እንዴ?"

ይሠራል። መስከረም 2013 ላይ የአስር፣ የሃምሳና የመቶ ብር ኖቶች ሲቀየሩ ሳንቲሞች አልተነኩም። ገበያው አልቀበልም ማለቱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ልጅቷ ሥራዋን ታውቃለች። ደንበኛ ያመጣው ገንዘብ ደንበኛው እያየ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ "ሃምሳ ነው" ተብሎ የታሸገ አይታመንም። የመጀመሪያውን ጥቅልል ቀደደችና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ከመቀመጫዬ ሆኜ ቢጫው ታየኝ። ተነሳሁ።

በአንድ በኩል የአንበሳ ራስ፣ በሌላው ደጋ አጋዘን፣ ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ፲፱፻፷፱። የደርጉ አስር ሳንቲም ነው። ይሄን ሳንቲም ጠቁሮ፣ ተፍቆ፣ የአጋዘኑ ቀንድ ጠፍቶ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ይሄኛው ግን ከማሽን እንደወጣ ነው፤ ኪስ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

"ሁለተኛውን እንዳትቀጂው" አልኳት።

"ሳልቀድ እንዴት ልቁጠር?"

እውነቷን ነው። የገንዘብ ያዥ ሥራ መክፈት ነው፣ የሰብሳቢ ሥራ ደግሞ አለመክፈት። እኔ ሁለቱንም ነኝ፤ እናትየው ደግሞ መስኮቱ ላይ ቆመው ሁለታችንንም ያያሉ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እብደት ይመስላል። አዲስ ሳንቲም ሲመታ ብረቱ በግፊት ከመሃል ወደ ዳር ይፈሳል። ፊቱ ላይ በዓይን የማይለዩ በጣም ቀጫጭን መስመሮች ይቀራሉ። ሳንቲሙን ብርሃን ላይ ስታዘነብለው ዙሪያውን የሚሽከረከረው ድምቀት የሚመጣው ከነሱ ነው። እሱ አንዴ ከጠፋ አይመለስም። በሎሚና በአመድ ብትፈትገው ያብረቀርቃል፤ ግን የሚያብረቀርቀው የተፋቀ ነሐስ ነው። እናቶቻችን የነሐስ ዕቃ ሲወለውሉ እጃቸው ይባረክ፣ ሳንቲም ላይ ግን ባይደርሱ ጥሩ ነው። በጣት መንካትም ያው ነው። የእጅ ላብና ቅባት ነሐስን ይበላል፣ ሳምንታት ቆይቶ አሻራው ጠቁሮ ይወጣል። ታሽጎ የኖረ ጥቅልል ይሄ ሁሉ አልነካውም። ዳርና ዳር ያሉት ሁለቱ አየር ስለሚያገኛቸው ይጠቁራሉ እንጂ የመሃሎቹ እንደነበሩ ናቸው።

ጭረት የለባቸውም ማለቴ ግን አይደለም። ገና ከፋብሪካው ሲወጡ እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ አዲስም ሆኖ የተጫረ ሞልቷል።

እናትየውን ወደ ጎን ጠራኋቸውና ወንበር ሰጠኋቸው። "እማማ፣ ይሄ ባንክ ከገባ ስልሳ ብር ነው፣ አንድ ሳንቲም አይጨምርም። ሳይቀደድ ሰብሳቢ ጋ ቢሄድ ግን ከዚያ የተሻለ ያገኛሉ" አልኳቸው።

"ስንት ያወጣል?"

"እሱን እኔ ልነግርዎ አልችልም። እኔ ራሴ ከሚገዙት አንዱ ነኝ።"

ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ከመስኮቱ ጀርባ የቆመ ሰው ዋጋ ተማኝም ገዢም መሆን የለበትም። አብረውኝ የሠሩ አንዳንዶች "ስልሳ ብሩን ከኪስህ አስገብተህ ቆርቆሮውን መውሰድ ነበር፣ ማን ያውቅብሃል?" ብለውኛል። ሴትዮዋ አያውቁም፤ ልክ ነው። ችግሩም እሱ ነው።

ቲክቶክ ላይ አንድ የድሮ ሳንቲም ሚሊዮን ያወጣል ከሚሉትም አስጠነቀቅኳቸው። የ1969 አስር ሳንቲም በብዛት የተመታ ነው። በእጅ የዞረው ምንም አያወጣ፤ አዲሱም ቤት አያሠራም። "የልጅ ልጆችዎ ይወዱት ይሆናል፣ ከዚያ በላይ ብዙ አይጠብቁ" አልኳቸው። አብሽር፣ ቤትማ አለኝ አሉኝ።

አሁን ቀሪዎቹን 11 ጥቅልሎች ሳይቀደዱ እንመርምር ተባለ። መላው ከጎናችን ካለው ወርቅ ቤት መጣ። የ1969 አስር ሳንቲም አንዱ አራት ተኩል ግራም ነው፤ ሃምሳው 225 ግራም ይመጣል። የወርቅ ቤቱን ልጅ ሚዛኑን ይዘህ ና አልነው። መጀመሪያ የተቀደደውን ጥቅልል ወረቀት ለብቻው መዘነ፤ ሁለት ግራም አይሞላም። ከዚያ ጥቅልሎቹን አንድ በአንድ። ከወረቀታቸው ጋር 226፣ 227 እያሉ ተራ በተራ አለፉ። ወረፋ የያዘው ደንበኛ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል፤ የራሱን ጉዳይ የረሳም ነበር።

አንዱ ጥቅልል ላይ አራት ግራም ተኩል ጎደለ። ልክ አንድ ሳንቲም። ጫፉን ሳየው ወረቀቱ ተከፍቶ እንደገና በጥንቃቄ ታጥፏል።

የወርቅ ቤቱ ልጅ ደግሞ ማግኔት ከኪሱ አወጣ። ወርቅ ነው ተብሎ የሚመጣ ብረት የሚያጋልጥበት ነው። "ሞክረው?" አለኝ። የ1969ኙን አስር ሳንቲም ማግኔት አይስበውም፤ መዳብና ዚንክ ነው። በ1996 የወጣውና ከዚያ ወዲህ ያለው ግን ውስጡ ብረት ሆኖ ላዩ ነሐስ የተለበጠ ስለሆነ ይሳባል። በወረቀቱ ላይ አስኬደው። ዘጠኙ ዝም አሉ። ሁለቱ ጠቅ ብለው ተለጠፉ።

ነገሩ እዚህ ላይ ተገለበጠ። እስከዚያች ደቂቃ ሁላችንም ያሰብነው አንድ ነጋዴ በደርግ ጊዜ ለመልስ ብሎ ዝርዝር አምጥቶ ሳይጠቀምበት ረስቶታል ብለን ነው። የረሳ ሰው ግን ከሃያ ሰባት ዓመት በኋላ የወጣ አዲስ ጥቅልል ፈልጎ እዚያው ቆርቆሮ ውስጥ አይጨምርም።

ይሄንን ለእናትየው ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። "አንዷን ያወጣት እሱ ነዋ" አሉ ቀጥሎ። "ወላሂ፣ ሌሊት ሌሊት ሱቁ ውስጥ መብራት አብርቶ ምን እንደሚያይ ግራ ይገባኝ ነበር። ሂሳብ ነው ይለኝ ነበር።"

አስራ አንዱን ጥቅልሎች ቆርቆሮው ውስጥ መልሰው ደርድረው ነጠላቸውን አሰሩ። ሱቁ ይለቀቅ እንጂ ቆርቆሮው ቤት ይገባል አሉ። የተቀደደው ግን ይግባ፣ መጥቼ ባዶ እጄን አልመለስም አሉና ካሸሯ ሃምሳውን ቆጠረች። አምስት ብር ገቢ፣ ደረሰኝ ተቆርጦ።

ሥራ አስኪያጃችን ከቢሮው ወጥቶ ሰዓቱን አየ። "ለአምስት ብር ይሄን ሁሉ ሰዓት?" አለ። ማግኔቱን ሲያይ ግን እሱም አንዴ ልሞክር አለ።

ገንዘቡ የባንኩ ከሆነ በኋላ፣ እናትየውንም ሥራ አስኪያጁንም አስፈቅጄ፣ አምስት ብር ኖት ከፍዬ ሃምሳውን ወሰድኳቸው። ካሸሯ አንድ ትርፉን ስጠኝ አለች፤ ሰጠኋት። በዚሁ ሰበብ አንዳንድ ነገር አወራኋት። በንጉሡ ጊዜ ስሙኒው፣ ሃያ አምስት ሳንቲሙ ማለት ነው፣ ክብ ስለነበር ብር እየቀቡ ሽልንግ ነው፣ ሃምሳ ሳንቲም ነው እያሉ ያጭበረብሩበት ነበር፤ በኋላ ጠርዙ ሞገድ ተደርጎ የወጣው ለዚያ ነው። የ1969ኙን አንበሳም አገጩ ሥር ያለውን ጢም እይው፣ ሁለት ዓይነት አለ አልኳት። ገንዘብ ያዥ እንዲህ ያለውን ቢያውቅ አይከፋም።

ከወር በኋላ ሳንቲሙን ይዛ መጣች። ፊቱ ላይ፣ ልክ ከአንበሳው ጋማ በላይ፣ የጠቆረ አሻራ ወጥቷል።

"ይሄ የኔ አውራ ጣት ነው" አለች። "ጋሼ፣ በጠርዙ ነው መያዝ የነበረብኝ አይደል?"

"በጠርዙ ነው" አልኳትና ሌላ ሰጠኋት።