ደረጃው ላይ ያዜምኩት

ዓርብ ማታ ሴኡል ውስጥ ሴጆንግ የኪነ ጥበብ ማዕከል ገባሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ በደጃፉ ሳልፍ ኖሬያለሁ። ሰፊው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ስንቴ ቡና ጠጥቻለሁ። ትኬት ቆርጬ ግን አላውቅም ነበር።

ማዕከሉ የከተማው ነው። በቦታው የነበረው የሕዝብ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1972 በእሳት ወደመ፤ ይሄኛው በ1978 ተከፈተ። 3,000 ሰው ገደማ የሚይዝ ትልቅ አዳራሽ አለው፤ ትናንሽ መድረኮችና የሥዕል ማሳያም አሉት። ስሙን ያገኘው ለኮሪያውያን ፊደል ካወጣላቸው ንጉሥ ነው። ሐውልቱ ፊት ለፊት አደባባዩ ላይ ተቀምጧል፤ ምስሉ 10,000 ዎን ብር ላይም አለ። እኔም በገዛ ፊደሌ ሀ ሁ ብዬ ያደግሁ ነኝና፣ በዚያ ብር ትኬቱን ስከፍል ደስ አለኝ።

የምሽቱ ተረኛ የሴኡል ከተማ ባህላዊ ሙዚቃ ኦርኬስትራ ነበር። ካያግም የሚሉት ባለብዙ ክር መሣሪያቸውም፣ ዋሽንቱም፣ ከበሮውም ያምር ነበር። ከዚያ ግን ሄግም የሚሉት መሣሪያ ብቻውን ቀረ።

ሆዴ ባባ። ማሲንቆ ነው እኮ! ሴትየዋ ግራ ጉልበቷ ላይ አስደግፋዋለች። ሁለት ክር አለው፤ የፈረስ ጭራው መምቻ በሁለቱ መሃል ገብቶ ይመላለሳል። ጣቶቿ የሚያርፉበት እንጨት የለም። አየር ላይ እንዳለ ክሩን ጨበጥ፣ ለቀቅ ታደርገዋለች፤ ድምፁም አብሮ ይጎብጣል። ልክ እንደኛ አዝማሪ። ያ ሰው የሚያለቅስ የሚመስል ድምፅ፣ አዳራሹን ሙሉ ጸጥ አሰኘው።

ኦርኬስትራው የተቋቋመው በ1965 ነው። እኛ ዘንድ ማሲንቆን፣ ክራርን፣ በገናንና ዋሽንትን አንድ ላይ ያስቀመጠው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተጀመረው ደግሞ በ1963፣ ሁለት ዓመት ቀድሞ። የኛው ከአብዮቱ በኋላ ተበተነ። የነሱ ይኸው ዛሬም ወንበሩ አለው፣ አዳራሹ አለው፣ ከተማው ይደግፈዋል። ቀናሁ፤ ክፉ ቅናት ግን አይደለም። ማሲንቆም እንዲህ ያለ ወንበር ይገባዋል።

ስወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አባቴ ጋ ደወልኩ። እዚህ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ አዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት።

«አባዬ፣ ኮሪያዎች ማሲንቆ አላቸው።»

«አትዪኝም! በይ ቀርጸሽ ላኪልኝ።»

«መቅረጽ ክልክል ነው።»

ትንሽ ዝም አለ። «እንግዲያው በአፍሽ በዪልኝ።»

ሰዎች በአጠገቤ ይወርዳሉ። ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ ማዜም ጀመርኩ።